የዓርብ ውሃ

ሰኞ ጧት አራት ደብተሮች ጠፉ። በሩ አልተሰበረም። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ፣ ውድ ሰዓቱ ትራሱ አጠገብ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው።

ቦታው ሸዋ ሮቢት፣ አውራ ጎዳናው ዳር ያለ ሆቴል ነው። የተሰረቀው ሰው ደራሲ ይልማ ይባላል። የሴትን ልብ ያውቃል እየተባለ የሚወደስ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ጸጥታ ፍለጋ ወደ ቆላው ከወረደ አምስት ወሩ ነው።

ዋና ሳጅን ገብረሚካኤል በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ፍየል ሲሰረቅ፣ ባጃጅ ሲሰረቅ፣ የውሃ ፓምፕ ሲሰረቅ አይቷል። ላፕቶፕ ትቶ ደብተር የሚያነሣ ሌባ ግን ገጥሞት አያውቅም።

«ምን ተጽፎባቸዋል?»

«አዲሱ ልቦለዴ።»

«ሌላ ቅጂ አለዎት? ፎቶ ኮፒ?»

«ሳጅን፣ ልቦለድ እንደ መታወቂያ ኮፒ አይደረግም።»

ለምን እንደማይደረግ ሳጅኑ አልገባውም። ቢሆንም መዘገበው።

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

ይልማ ጥቂት አሰበ። «ማንም የለም።»

ቁልፉ የሚቀመጠው እንግዳ ተቀባዩ ፈይሰል ጋ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የተያዘው ፈይሰል ነው። «ወላሂ እኔ አልነካሁም!» እያለ እስከ ማግሰኞ እኩለ ቀን ጣቢያ ተቀመጠ። እየማለ ግን ዓይኑ ይሸሻል።

«አልነካህም እሺ። ማን ነካ?»

«ጋሼ፣ ከሥራ ያባርሩኛል።»

«እዚህ እየዋልክ የምትሠራው ሥራ ደግሞ የቱ ነው?»

ፈይሰል ራሱን አከከ። «ሳሊሃ ቁልፉን ጠየቀችኝ። ለጋሽ ይልማ ስትጽፍለት ስለማያት ሰጠኋት።»

ሳሊሃን ከተማው በሙሉ ያውቃታል። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ማመልከቻ ትጽፋለች። ድንበሩ የተገፋ፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ ካሣ የቀረበት የቀወት ወረዳ ገበሬ ሁሉ በእሷ እጅ ጽሕፈት ነው የሚከሰው። ፖሊሱን ስታይ አልደነገጠችም። ከጠረጴዛዋ ሥር ካለው ሣጥን አራቱን ደብተሮች አውጥታ ሰጠችው።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

«ለምን?»

«እሱን አልናገርም።»

ጉዳዩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር። ሌባዋ አምናለች፣ ንብረቱ ተገኝቷል፣ ባለቤቱ ይታወቃል። ሳጅን ገብረሚካኤል ግን እንዲህ በቶሎ ያለቀ ነገር አያምንም። በዚያ ላይ ጽሕፈቱ ከዳር እስከ ዳር የሳሊሃ ነው። ይልማን በስልክ ሲጠይቀው «ወገቤን ስለሚያመኝ እየተናገርኩ አስጽፋት ነበር» አለው። አምስት ወር ሲያስጽፋት ከርሞ ትናንት ስሟን አለመጥራቱ ሳጅኑን ከነከነው።

ረቡዕ ጧት ወንበሩን ጣቢያው ግቢ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አስወጥቶ ማንበብ ጀመረ። ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ ልቦለድ ይዞ አያውቅም። ያነበበው ለማስረጃ ብሎ ነው። ሁለተኛው ደብተር ላይ ሲደርስ ማስረጃነቱን ረሳው፤ ምሳውንም ረሳው።

ተራኪዋ የቀወት ልጅ ናት። ከቦዩ ማዶ ሽንኩርት የሚኮተኩት አንድ ጎረምሳ አለ። ሃይማኖታቸው ለየቅል ነው፤ ተነጋግረው አያውቁም። ልጅቷ ግን ታየዋለች። አንገቱን፣ ክንዱን፣ ውሃ ሲጠጣ የሚወርድ የሚወጣውን ጉሮሮውን ሁሉ ታያለች። ሳጅኑ ሚስት አግብቶ አራት ልጅ ወልዷል፤ ሴት ወንድን እንዲህ አድርጋ እንደምታይ አስቦ ግን አያውቅም። አፈረ። ሚስቱ ምን ታይ እንደነበር አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ሦስተኛው ደብተር መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ቆመ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቆቡን አድርጎ ወደ ሆቴሉ ሄደ።

«ደብተሮቼን ይዘህልኝ መጣህ?» አለ ይልማ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።» ሳጅኑ ገልጦ አነበበለት። «"ሰዎቹ ከጁምዓ ሲመለሱ ድምፃቸው ተሰማኝ። ቦዩ ዳር እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። እስከ አስር ሰዓት አልተነሣሁም። እንደዚያ ቀን ደፍሬ አላውቅም።" ልጅቷ እዚህ ጋ ምን እያደረገች ነው?»

ይልማ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወዳል።

«ምንም። ትጠብቃለች። ውሃው ፍላጎቷ ነው፤ ይፈሳል፣ አይያዝም።»

«ድፍረቱስ ምኑ ላይ ነው?»

«ብቻዋን መቀመጧ ነዋ!»

«እዚህ አገር ሴት ቦይ ዳር ብቻዋን ብትቀመጥ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።»

ይልማ ትከሻውን ሰበቀ።

«እኔ የዚያ ቦይ ልጅ ነኝ» አለ ሳጅኑ። «ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ሙስሊሞቹ የውሃ ተራቸውን ለእኛ ይለቃሉ። እሑድ ለቅዳሴ ስንሄድ እኛ ለእነሱ እንለቃለን። ስግደቱ እንዳለቀ ውሃው ወደ ባለተራው ይመለሳል። የሚመልሰው ማሳ ላይ የቀረው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም የቤቱ ሴት ልጅ ናት። ይቺ ልጅ አልመለሰችም። እስከ አስር ሰዓት የአባቷን ውሃ ለዚያ ጎረምሳ ሰጠችው። ተቀምጣ እየጠበቀች አይደለም፤ እየሰረቀችለት ነው። እወድሃለሁ ማለቷ ነው።»

ይልማ ደብተሩን ተቀብሎ ገጹን አየው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ለእኛ ሰው ግልጽ ስለሆነ አላብራራችውም» አለ ሳጅኑ። «አስጻፍኳት ያሉት እርስዎ ግን አልገባዎትም።»

«ስድስት ዓመት» አለ ይልማ ደብተሩን ዘግቶ። «ስድስት ዓመት አንድ ገጽ አልወጣልኝም። ማስታወሻ ትጻፍልኝ ብዬ ቀጠርኳት፤ የማስጽፋት ግን አልነበረኝም። አንድ ቀን እየፈራች ይህን አመጣችልኝ፤ አንብብልኝ አለችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቅናት አንገበገበኝ። ደጋግሜ ሳነበው እኔ የጻፍኩት መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ የኔ ነው ብዬ አነበብኩ። ያንን ሰምታ ነው ደብተሮቹን የወሰደችው።»

«ታዲያ ፖሊስ የጠሩት በምን ድፍረት ነው?»

«የኔ ነው እንደማትል ስለማውቅ። ስሟን ያልጠራሁትም እሷ ጉዳዩ ውስጥ ሳትገባ አግኝታችሁ እንድትመልሱልኝ ብዬ ነው። እዚህ ከተማ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ የምትል ሴት የለችም። ሂድና ጠይቃት። እኔም ፍርድ ቤት የነገርኩህን እክዳለሁ።»

ሳጅኑ ደብተሩን ከእጁ ነጥቆት ወጣ።

ጣቢያ ሲመለስ የታሰረችው የሳሊሃ አባት ሼህ ጀይላን ምሳ ይዘውላት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሳሊሃ እህሉን አልነካችውም።

«የአንቺ እንደሆነ አውቄያለሁ» አላት። «ቃልሽን ስጪኝ። አለዚያ በስርቆት ትከሰሻለሽ፤ መጽሐፉም በእሱ ስም ይወጣል።»

ሳሊሃ አባቷን አየች። ሽማግሌው ሰው ሲጣላ ለዕርቅ የሚጠሩ፣ ሰላምታቸው የሚከበር ሰው ናቸው። የኔ ነው ካለች ነገ ገበያው በሙሉ የወደደችው ማነው እያለ ይጠይቃል። ቢሆንም አራቱን ደብተሮች ከጠረጴዛው አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈቻቸው።

«የኔ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። የጻፍኩትንም አድርጌዋለሁ።»

«ምን አደረግሽ?» አሉ ሼህ ጀይላን።

ነገረቻቸው። ዓርቦቹን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከቦዩ ማዶ ያለው ማሳ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

«ሽንኩርቴ የደረቀበት ዓመት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ሰረቀኝ ብዬ ከስሼው ነበር እኮ! ከሹመቱ አስነሥቼዋለሁ።»

«ማመልከቻውን የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ።» እንባዋ መጣ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ልቦለዴ እሱ ነው።»

ሼህ ጀይላን መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። ፊታቸው ላይ ንዴት አለ፤ ኀዘንም አለ። ሳጅኑ የሚገባበት ጠፍቶት እስክሪብቶውን ነካካ።

«ልጄ» አሉት ሳጅኑን። «ደራሲው ከካደ ምስክር ያስፈልግሃል?»

«ያስፈልገኛል። ግን ሼህ፣ ቃልዎ ችሎት ላይ ይነበባል። ከተማው ይሰማል።»

«ያ የውሃ አባት ሌባ እንደተባለ ሞተ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። አሁን ደግሞ ልጄን በገዛ ጽሑፏ ሌባ ላስብላት?» ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። «ያን ዓመት ዓርብ ዓርብ ውሃዬ ይጎድል ነበር። የወሰደችው ልጄ ሳሊሃ ናት። ይህን ከእሷ በቀር ሊጽፈው የሚችል ሰው የለም። ጻፍ።»

ሳጅን ገብረሚካኤል መጻፍ ጀመረ።