ቅዳሜ የሚከፈተው ካዝና

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተማው ከቀትር እንቅልፉ ሲነቃ ዶኛ ፔርፔቱዋ ኢንስፍራን አልነቁም። ግቢው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር በተሰቀለው መረብ አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ያገኘቻቸው የእህታቸው ልጅ ኒሚያ ናት። መጀመሪያ «አክስቴ፣ ደንበኛ ይመጣል፣ ይነሱ» አለቻቸው። ቀጥላ ትከሻቸውን ነካ አደረገች። ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውሰውም፤ ጎረቤቶቿ ግን ጩኸቷን ሐይቁ ዳር ድረስ ሰምተነዋል ይላሉ።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ያውም የልብ ታማሚ፣ ሙቀቱ ደግሞ እንዲያ ሆኖ ማን ይጠራጠራል? ነገሩን ያበላሸው የመድኃኒታቸው ጠርሙስ ነው። ማክሰኞ ሙሉውን የተገዛ ጠርሙስ ሐሙስ ባዶውን ተገኘ። ዓርብ ጠዋት የፖሊስ አዛዧ ኮሚሳሪያ ሱኒልዳ ኦርቴያዶ አሬጓ ከተማ ወደሚገኘው የዶኛ ፔርፔቱዋ የውል አዋዋይ ቢሮ መጣች።

አጭርና ደንደን ያለች ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ወንበር እንኳ ስትስብ አይሰማም። ጮኸው የሚቆጡ ሰዎች ይሻላሉ፣ ቢያንስ የት እንዳሉ ይታወቃል። የሟቿን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ኒሚያ ገፋ አደረገችው።

«አንብቢልኝ እስቲ» አለች።

ኒሚያ አነበበችና ክው አለች። ‹የአደጋ ጊዜ ተጠሪዎ ኒሚያ ካዝናዎ እንዲከፈትላት ጠይቃለች። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ካልከለከሉ ይከፈትላታል።› መልእክቱ የደረሰው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ነው። ያን ጊዜ አክስቷ መረብ አልጋው ላይ ነበሩ።

«እኔ አልጠየቅኩም» አለች።

«የት ነበርሽ?»

«ክፍሌ ተኝቼ።»

«ማን አየሽ?»

ማን ያያታል? አሬጓ ላይ ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ውሻ እንኳ አይጮኽም። ቤቱም ቢሮውም የሚወረሰው ለእሷ መሆኑን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኒሚያ ራሷን በኮሚሳሪያዋ ቦታ አስቀምጣ ስታየው እሷም ብትሆን የምታስረው ራሷን ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ኮሚሳሪያዋ ግን ካቴና አላወጣችም። ደብተሯን ገልጣ «ይሄ ካዝና የምትሉት ነገር አይገባኝም። ለአክስትሽ እንዳስተማርሻቸው አድርገሽ አስተምሪኝ» አለቻት።

ኒሚያም አስተማረች፤ እያንዳንዱ ቃል የራሷ አንገት ላይ የሚጠመጠም እየመሰላት። ዶኛ ፔርፔቱዋ የይለፍ ቃሎቻቸውን ሁሉ የሚጽፉበት ደብተር ከሁለት ወር በፊት ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ ተደባለቀ። ያኔ ነው ኒሚያ የይለፍ ቃል ካዝና የከፈተችላቸው። ሌላው ቃል ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቆለፋል፤ ሰው በቃሉ የሚይዘው አንድ ዋና ቃል ብቻ ነው። ካዝናው ኮምፒዩተሩ ላይ ባለው ብራውዘር ይገጠማል፣ ስልክ ላይም ይጫናል፤ እዚህ ያስቀመጡት እዚያ ይገኛል። ባለቤቱ አንድ ነገር ቢሆን የሚከፍት ተጠሪ ይሰየማል። ተጠሪው ከራሱ ካዝና ገብቶ ሲጠይቅ ባለቤቱ ሁለት ቀን አለው፤ አንድ ጊዜ ነክቶ ይከለክላል። ዝም ካለ ግን ይከፈታል፤ የከፈተው ሰውም የፈለገውን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መሰረዝም ይችላል።

«የአንቺን ዋና ቃል ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ታዲያ በአንቺ ስም ማን ጠየቀ?»

ኒሚያ ስልኳን አወጣች። የራሷ ካዝና የት የት እንደተከፈተ ይዘረዝራል። ሐሙስ ስድስት ተኩል ካለፈ በኋላ የተከፈተው በስልኳ አይደለም፤ አሁን በምትጠቀምበት ብራውዘርም አይደለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ባለው፣ ሁሉም በሚነካካው የቢሮ ኮምፒዩተር፣ መጀመሪያ በለመደችበት አሮጌ ብራውዘር ነው። ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላው ብራውዘር ስትዛወር ከዚያኛው መውጣቷን ጭራሽ ረስታዋለች።

ሄደው ከፈቱት። ዋናውን ቃል የሚጠይቀው ሣጥን ብቅ እንዳለ፣ ኒሚያ አንድ ፊደል ሳትነካ ነጠብጣቦቹ በራሳቸው ሞሉት። ያኔ ትዝ አላት። የመጀመሪያው ቀን ብራውዘሩ ራሱ ‹ይህን ቃል ላስቀምጥልሽ?› ብሎ ሲጠይቃት፣ ለሌላው ነገር ሁሉ እንደለመደችው ‹እሺ› ብላ ነክታለች። የካዝናውን ቁልፍ እዚያው በሩ ላይ ሰክታ ሄዳለች ማለት ነው። ለአክስቷ «ይቺን በጭራሽ እንዳያደርጉ» ብላ ያስጠነቀቀችው ራሷ ናት፣ ወይ ጉድ!

ገጹ ሲከፈት ፊደላቱ ግዙፍ ነበሩ። አራት ቃል ስክሪኑን ሞላው። ኮሚሳሪያዋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኒሚያ አልነበረም አለች፤ ቀጥላ እንጃ አለች፤ ፍርሃቱ የምታውቀውን እንኳ አስጠፍቷት ነበር። ኮሚሳሪያዋ በዚያው ብራውዘር ሁለት ሌሎች ገጾች ከፍታ አየች። ፊደላቸው የተለመደው ነው። ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ቀጥሎ የተጠራው የቢሮው ጸሐፊ ዴርሊስ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ አፉ የማያርፍ። በፈቃድ ጉዳይ ባለፈው ሳምንት ከዶኛ ፔርፔቱዋ ጋር ተጨቃጭቋል፤ አልደበቀውም። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው እሱ፣ ኒሚያ፣ ዶኛ ፔርፔቱዋና ወንድማቸው ዶን ሚልሲያዴስ፣ አራቱም ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ተረሬ ጠጥተዋል፤ በረዶና የተወቀጠ ቅጠል የገባበት መራራ መጠጥ ነው፣ አንዷ የቀንድ ዋንጫ ከነብረት መምጠጫዋ ለሁሉም በየተራ ትዞራለች። የመጀመሪያውን ማሰሮ የቀዳው እሱ ነው። ኒሚያ ስልክ ተጠርታ ተነሳች፣ እሱም ሰነድ የሚያደርስበት ቦታ ስለነበረው «ግራሲያስ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብሎ ተነሳ።

«ግራሲያስ ካልሽ አበቃ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀዳልሽ የለም» አለ፣ ኮሚሳሪያዋ ከሌላ አገር የመጣች ይመስል።

«አውቃለሁ» አለችው። «ኮምፒዩተሩ ላይ የምትውለው አንተ ነህ አይደል?»

«ስድስት ዓመት። ክፉ ነገር ባስብ ኖሮ ቀን ሞልቶልኝ ነበር።»

ሌላም ነገር ተናገረ። ረቡዕ ምሳ ላይ ዶኛ ፔርፔቱዋ ሹካቸውን አስቀምጠው ከአሮጌው መዝገብ ውስጥ አስቀያሚ ነገር ማግኘታቸውን፣ ማንም እጁን ከማያስገባበት መቆለፋቸውን፣ ሰኞ እንደሚነጋገሩበት ተናግረዋል። ሦስቱም ሰምተዋል።

መጨረሻ ላይ ዶን ሚልሲያዴስ ገቡ፤ የሟቿ ታናሽ ወንድም፣ የቢሮው ሰነድ አርቃቂ። ኒሚያን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከእህታቸው ጋር ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ ዐይናቸው በልቅሶ ቀልቷል። ስለ ካዝናው ሲጠየቁ «እኔ የታይፕ ሰው ነኝ፣ እሜቴ። ልጅቷ ስታስተምራት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንቀላፋ ነበር» አሉ። የቀትሩን ሰዓት አልጋቸው ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ፣ የስፖርቱን ገጽ ጨርሰው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ተናገሩ። ሁለተኛውን የተረሬ ማሰሮ ያዘጋጁት እሳቸው መሆናቸውንም አልካዱም።

«እኔና እሷ ተራ በተራ እስከ በረዶው ድረስ ጨረስነው። መርዝ ቢኖርበት ዛሬ ሁለት ሣጥን ነበር የምትቀብሩት።»

ቃላቸውን ሊፈርሙ ወረቀቱን ክንዳቸው እስከሚደርስ አራቁት። መነጽራቸው ሉኬ ከተማ ከማክሰኞ ጀምሮ ለጥገና እንደሄደ፣ ዛሬ ነገ እያሉ እንዳጉላሏቸው አማረሩ። ኮሚሳሪያዋ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቷ አሳየቻቸው።

ኒሚያ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ከተማውን ለቃ እንዳትወጣ ተነግሯታል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አጎቷ አጠገቧ ተቀምጠው ራሷን ዳበሱ። «አይዞሽ ልጄ። ጥሩ ጠበቃ አፈላልግልሻለሁ» አሏት። አጎቷ እንኳ እሷ ናት ብለው አምነዋል ማለት ነው፣ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ኮሚሳሪያዋ ሦስቱንም እንግዳ መቀበያው ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ። አሮጌው ብራውዘር ተከፍቷል። የዶኛ ፔርፔቱዋ ካዝና ሊከፈት አርባ ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል።

«ጠያቂው ዶኛ ፔርፔቱዋ መከልከል እንደማይችሉ ያውቅ ነበር» ብላ ጀመረች ኮሚሳሪያዋ። «በሕይወት ቢኖሩ መልእክቱን አይተው አንድ ጊዜ ይነኩታል፣ ያልቃል። ስለዚህ የጠየቀውና የገደለው አንድ ሰው ነው።»

ደብተሯን ገለጠች።

«ኒሚያ ካዝናዋን ኪሷ ውስጥ ይዛው ትዞራለች። አልጋዋ ላይ ሆና መጠየቅ ስትችል የተወችውን ብራውዘር ፍለጋ ለምን እዚህ ትመጣለች? ይሄ ግን ብቻውን አያድናትም፤ ብልጥ ሰው ሆን ብሎም ያደርገዋል።»

ኮሚሳሪያዋ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች።

«ገጹን ስንከፍተው ፊደሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነበር። ብራውዘር አንዴ ያተለቁለትን ገጽ አይረሳም፤ በሚቀጥለው ጊዜም እንዲያው አድርጎ ይከፍተዋል። ሌሎቹ ገጾች እንደነበሩ ናቸው። የካዝናውን ገጽ ብቻ፣ በቅርብ የማይታየው ሰው አተለቀው። ኒሚያ መነጽር አያስፈልጋትም። ዴርሊስም እንደዚያው። ዶን ሚልሲያዴስ መነጽርዎ ከማክሰኞ ጀምሮ ሉኬ ነው፤ ጠጋኙ ጋ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ሐሙስ ግን ጋዜጣ አንብበው እስከ ስፖርቱ ገጽ ደረሱልኝ።»

ዶን ሚልሲያዴስ ፈገግ አሉ። «እርጅና ነው፣ ቀን አሳስቶኛል። የእህቴም ዐይን ደካማ ነበር እኮ። እሷስ ነክታው ከሆነ?»

«ይሆናል» አለች ኮሚሳሪያዋ። «እርስዎ ከሁለተኛው ማሰሮ ከጠጡ የተገለበጠው መድኃኒት እዚያ አልነበረም፣ እርስዎም ነጻ ነዎት።» ወደ ኒሚያ ዞረች። «ሐሙስ ስልክ ስታነጋግሪ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከግቢው የሰማሽውን ንገሪኝ። ተረጋጊና አስቢ።»

ኒሚያ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሰምታዋለች። ዓርብንም ቅዳሜንም ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልጠየቀችውም። በረዶ ሲንኳኳ፣ አዲሱ ማሰሮ ሲቀመጥ፣ አንድ ዋንጫ ሲቀዳ፣ ከዚያ የአጎቷ ድምፅ። ቀና ብላ አየቻቸው። ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩአታል፤ ትምህርት ቤት እያደረሷት በሩ ላይ እንደሚያዩአት። ብትናገር ያሳደጋትን ሰው ታጣለች፤ ዝም ብትል ራሷን።

«አጎቴ ግራሲያስ አሉ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «አክስቴም ሳቁባቸው። ‹ምነው፣ ገና በመጀመሪያዋ?› አሏቸው።»

እዚያ ያለ ሰው ሁሉ የዚያን ቃል ትርጉም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። ከተረሬው ክብ የሚወጣ ሰው ብቻ ነው የሚለው፤ በአዲስ ማሰሮ የመጀመሪያ ዋንጫ ላይ የሚለው ደግሞ የለም። ዶን ሚልሲያዴስ እየጠጡ ማስመሰል ይችሉ ነበር። እህታቸው ዋንጫውን ሲዘረጉላቸው ግን መጠጣት ፈሩ፤ ሲፈሩ የስድሳ ዓመት ጨዋነታቸው ከአፋቸው አመለጠ።

«ራሷን ልታድን ነው የምታወራው!» አሉ ብድግ ብለው። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ኮምፒዩተሩ ያኔ ድምፅ ሰጠ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ሰባት። ማንም ሳይነካው የዶኛ ፔርፔቱዋ ካዝና ተከፈተ፤ በእነዚያ ግዙፍ ፊደላት፣ ከዳር ቆመውም በሚነበቡ። ከታች አንድ ማስታወሻ ነበረው። ኮሚሳሪያዋ ለኒሚያ ምልክት ሰጠቻት፤ ኒሚያም አነበበች።

‹ሚልሲያዴስ ሐይቁ ዳር ያለችውን የባልቴቷን የብላሲዳን መሬት ለሌላ ሰው አዛውሯል። ምስክር ብሎ ያስፈረመው የሞተ ሰው ነው፤ በእኔ ማኅተም። ቅጂው ከዚህ ጋር አለ። ሰኞ ይዤው ወደ እሷ እሄዳለሁ፤ መሬቷን እንመልስላታለን፣ እሱም ይቅርታ ይጠይቃታል። ለፖሊስ አልሰጠውም፣ ወንድሜ ነው። እስከ ሰኞ አንድ ነገር ብሆን፣ ኒሚያ፣ አንቺ አብረሽው ሂጂ። ብቻውን ይፈራል።›

ዶን ሚልሲያዴስ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ ሆነ።

«አልሰጠውም ነው የምትለው?» ብለው ጠየቁ። «ድገሚልኝ እስቲ፣ ልጄ፤ ዐይኔ አያነብልኝም።»

ኒሚያ መድገም አልቻለችም። ኮሚሳሪያዋ ቀስ ብላ ባርኔጣቸውን አንስታ ሰጠቻቸውና ወሰዷቸው።

ሰኞ ጠዋት ኒሚያ ማስታወሻውንና ቅጂውን አትማ ወደ ባልቴቷ ብላሲዳ ቤት ሄደች። አብሯት የሚሄድ ሰው አልነበረም። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ፈራች፤ እንደፈራች አንኳኳች።