አባባ ቢያድግልኝና ሰባቱ ደረጃዎች

እስቲ ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች። አያቷ አባባ ቢያድግልኝ የደብሩ ደወል ደዋይ ናቸው።

እሳቸው ሲደውሉ «ደንንንግ! ደንንንግ!» ይላል። ሰፈርተኛው ሁሉ አማትቦ ይነሳል።

ደወሉ የተሰቀለው ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ለመድረስ ሰባት የድንጋይ ደረጃ መውጣት አለ።

የአባባ ጉልበት ግን ታመመ። ሕመሙ የዛሬ አይደለም፣ የትናንትም አይደለም፤ ከርሟል።

አንድ... ሁለት... «ወይ ጉልበቴ!» ቁጭ።

ስለዚህ ዲያቆን ፍሬስብሐት ይደውል ጀመር። እሱ ደግሞ ችኩል ነው።

«ደንግደንግደንግደንግ!» ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ደንግጠው አጥር ይዘላሉ።

የደብሩ ንግሥ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አባባ በንግሥ ቀን ሳይደውሉ የቀሩበት ዓመት የለም።

ትርንጎ ማታ ማታ ትጸልያለች። «አምላኬ ሆይ፣ አባባ ለንግሥ ይደውሉ» ትላለች።

አንድ ቀን የአባባን እጅ ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ንግሥቲ ጉልበታቸውን ነካ ነካ አድርገው አዩትና አንዲት ትንሽ ሣጥን አወጡ።

ሣጥኗ ሁለት ቀጭን ሽቦ አላት። በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ተለጣፊ አለ።

«ይቺ ለስለስ ያለ ኤሌክትሪክ ትልካለች» አሉ ሲስተር። «እርጅናን አታድስም፤ ሕመሙን ግን ታበርዳለች። እግርዎንም በየቀኑ ማጠፍ፣ መዘርጋት ነው።»

አዝራሯን አባባ ብቻ እንዲነኩም ነገሯቸው። ትርንጎ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

ሣጥኗን በውሰት ይዘው ቤት ገቡ። አባባ ተለጣፊውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ሸተት... ጠብ! ወደቀ።

እንደገና አደረጉት። ሸተት... ጠብ!

ሦስተኛም ሞከሩ። ሸተት... ጠብ!

አባባ አንገታቸውን ደፉ። ሣጥኗ እንደጠላቻቸው ተናግረው ሽቦውን መጠቅለል ጀመሩ።

ትርንጎ ጉልበታቸውን አየችው። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

ለካ አባባ አባታቸው እንዳስተማሯቸው በየማለዳው ጉልበታቸውን ቅቤ ይቀቡታል!

«አባባ» አለች ትርንጎ፣ «ቅቤ ላይ ምን ይለጠፋል?»

አባባ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ትርንጎ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና አመጣች። አጠቡት፣ አደረቁት።

ለጠፍ! አሁን ያዘ።

አባባ አማተቡና አዝራሯን ቀስ ብለው ተጫኑ። «ዝዝዝዝ...»

«ጉንዳን ይሄድብኛል ልበል?» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ እግራቸውን ዘርጋ አደረጉ። ሕመሙ በረድ ብሎላቸው ነበር።

ከዚያ በየቀኑ «ዝዝዝዝ...»። ከዚያ ማጠፍ፣ መዘርጋት! ማጠፍ፣ መዘርጋት! ትርንጎም አብራ ታጥፋለች፣ አብራ ትዘረጋለች።

የንግሥ ቀን ደረሰ። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከደረጃው ሥር ቆሙ። ትርንጎ ከኋላቸው መቁጠር ጀመረች።

አንድ... ሁለት... አባባ ቆም አሉ። ዲያቆን ፍሬስብሐት ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ።

«ተወኝ ልጄ» አሉ አባባ። «አልተቀመጥኩም እኮ።»

ሦስት! አራት! አምስት! ስድስት!

ሰባት!

«ደንንንግ! ደንንንግ! ደንንንግ!»

ሴቶቹ «እልልልል!» አሉ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ያ ችኩሉ ዲያቆን ነው። ዶሮዎቹም ከአጥሩ ሥር ጭረታቸውን ቀጠሉ፤ አንዷም አልዘለለችም።

ማታ ትርንጎ ተኛች። አባባ ጋቢ ሊያለብሷት ከአልጋዋ አጠገብ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ስንት ጊዜያቸው! ጉልበታቸው እሺ አላቸው።

«ፈጣሪ የሚረዳን በሰው እጅ ነው፣ ልጄ» አሉ። «በሲስተር እጅ፣ በሣጥኗም ረዳኝ።»

ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና፣ በእንቅልፍ ድምፅ መለሰች።

«በሳሙናም።»

አባባ ፈገግ ብለው ግንባሯን ሳሙ። እናንተንም እንደሷ በሰላም ያሳድራችሁ።