በፓምፕ የሚተነፍስ ቅጠል

«መምህር ገቢሳ ለገዥው መርዝ ያበቅላል። አፈር እንኳ አልቀበልም ቢለው ውሃ ላይ ዘራው።»

ቅመም ሻጯ ወርቂቱ ይህን ስትል ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። የነቀምቴ ገበያ ሦስቴ የሰማውን ምሎ ይመሰክራል።

ሸዋጌጥ ኮረሪማ ትመርጣለች። እዚህ ስሟ ድርቤ ነው፤ የመምህሩ አትክልት ሠራተኛ፣ የዲጋ ልጅ። በላካት የስለላ ቢሮ መዝገብ ደግሞ «ቀበሪቾ»።

የታጠፈ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ከጎኗ ቆመ።

«ኮረሪማው ደርቋል?»

«ዘንድሮ ዝናብ በዛ።»

የይለፍ ቃሉ ነው፤ ሰውየውም አለቃዋ መሸሻ። የመምህሩን ደብተር ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጃንጥላው ውስጥ ከተተችው።

«መርዝ የለም» አለች በሹክሹክታ። «ከየበርሜሉ ቀምሻለሁ። ደብተሩም የውሃው ልክ ብቻ ነው። ንጹሕ ከሆነ አይነካም ብለውኛል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ወደ ሥራሽ።»

ገቢሳን ከጓሮ፣ በመስታወት ቤቱ ውስጥ አገኘችው። ጤና አዳሙ፣ ዳማ ከሴው፣ ስማቸውን የማታውቃቸው ቅጠሎች ሁሉ ሥሮቻቸው በበርሜል ውሃ ውስጥ ተንጠልጥለዋል። በየሰዓቱ በብስክሌት ፓምፕ አየር ይነፋላቸዋል። ካልተነፋላቸው ይታነቃሉ።

«ኦቦ ገቢሳ፣ ጠዋት ጠዋት ሰው አካም ቡልቴ ብሎ እንደምን አደሩ ሲልዎ ለምን ዝም ይላሉ?»

ቀና ብሎ አያት።

«የዲጋ ልጅ ሆነሽ ይህን አታውቂም?»

ጎንበስ ብላ የወደቀ ቅጠል አነሳች።

ሳቀ። «መድኃኒት የሚቆርጥ ሰው ሳይቆርጥ አፉን አይከፍትም። ኬሚስትሪ ተማርኩ እንጂ የእናቴን ደንብ አልጣልኩም። ዘመዶችሽ ምን እያስተማሩ አሳደጉሽ?»

በመጀመሪያው ሪፖርቷ ሁሉን አውቃለሁ ብላ ይህን ዝምታ የጥፋተኛ ምልክት አድርጋ በራሷ ብዕር ጽፋ ነበር።

ላንድሮቨር በሩ ላይ ቆመ።

ሦስት ሰዎች ገቡ። መሸሻ ወረቀት ዘርግቶ አነበበ፦ «ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ሰላምታ አይመልስም። የሚደብቀው ነገር እንዳለው ግልጽ ነው።»

ቃል በቃል የእሷ ነው።

ገቢሳ ፓምፑን ሰጣት። «ድርቤ፣ በየሰዓቱ። አደራ።»

ስለ ዝምታው ምክንያት አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ግን መምህሩን ካሰሩበት ሌላ፣ በመሸሻ ጣት ላይ ሁለተኛ ካቴና ተንጠልጥሏል።

ፓምፑን ይዛ ወደ በርሜሎቹ ዞረች።

መምህሩን ሲጭኑት መሸሻን በሩ ጥግ ያዘችው። «ንጹሕ ነው ብያለሁ!»

«መርዝ ተገኘ ብዬ ለአዲስ አበባ ቴሌግራም የላክሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ምን ላድርግ፣ ተሳስቼ ነበር ልበል? ደብተሩን አቃጥዬዋለሁ። አንቺም ዛሬውኑ ከተማውን ልቀቂ።»

አውቶቡሱ እስኪነሳ ሁለት ሰዓት ቀርቷል። ሁለቴ ነፋችላቸው። ከዚያ ፓምፑን በርሜሉ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ገቢሳን እስር ቤት ውስጥ ተስቦ ወሰደው። ቅጠሎቹ ከእሱ በፊት ሞተዋል።

በስምንተኛው ወር ሸዋጌጥ አርጆ ከተማ ጨርቅ ትሸጣለች። ስሟም ሌላ ነው። ዓይኗ ያበጠ ሴት ገብታ ጥቁር ጨርቅ ጠየቀች።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለልጄ። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ወንዝ ዳር ጣላት፤ ከውሃው የሚያወጣት ሰው አልነበረም።»

«መድኃኒት አላገኙላትም?»

«አግኝቼ ነበር። ነቀምቴ አንድ መምህር ከውሃ የሚያበቅለው ቅጠል ሁለት ዓመት አቁሞላት ነበር፤ እሱ ሲታሰር ቀረባት። ተደብቄ ነበር የማጠጣት። አባቷ ባለመድኃኒት ቤት ሄድሽ ብሎ እንዳያዋርደኝ።»

ሸዋጌጥ መቀሱን አስቀመጠች።

«አባቷ ማናቸው?»

«መሸሻ ይባላል። የመንግሥት ሰው ነው። እስከዛሬም አያውቅም።»