የዓርብ ሾርባ

ሚስተር ሃድሊ ዓርብ ቀን ምሳ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ቀሩ። የጄኔቫ ፖሊስ ከሳህናቸው መርዝ አገኘ። አብሳይ ሆኖ ከመጠርጠር ማን ያመልጣል? አብሳይዋ የወይንሐረግ ፓስፖርቷን ተቀማች፣ ከቤቱም እንዳትወጣ ታዘዘች። ቀኑ በገፋ ቁጥር ግድግዳው የሚጠጋት መሰላት።

ሟቹ እንግሊዛዊ ወጣት ሳሉ ብሪስቶል ውስጥ ከአንድ ጠባብ ክፍል ተነሥተው፣ የሆስፒታል ወረፋ በሚያደራጅ ሶፍትዌር ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። ሰሞኑን የሕይወት ታሪካቸውን ይጽፉ ነበር። ያን ዕለት ሾርባ የማትወደው ልጃቸው ኢሞጅን ፎቅ ላይ ነበረች። ለሠላሳ ዓመት ሸሪካቸው የነበረው ኡርስ ጠዋት መጥቶ፣ ከምሳ በፊት አምስት ሰዓት ላይ ወደ ዙሪክ ተመልሷል።

መርማሪዋ ማራኪ ትባላለች፤ ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር ያደገች ሐበሻ ናት። ወጥ ቤት ገብታ ድስቱ ንጹሕ፣ ሳህኑ ብቻ የተመረዘ መሆኑን ለየወይንሐረግ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ሾርባውን ቀምሰውት ነበር?»

«ዓርብ አልነበር እንዴ! ክሬም ያለበትን ምን ቆርጦኝ እቀምሳለሁ?»

«ጨውስ?»

«ሳልቀምስ ጨው አልገምትም። ዓርብ ዓርብ እሳቸው ራሳቸው ይነሰንሳሉ።»

ማራኪ ከምሳው ጠረጴዛ ላይ አንሥታ ጨው ዕቃውን ለምርመራ ላከችና ሌላ ተመሳሳይ ተካች።

በሳምንቱ ዓርብ ኢሞጅንንና ኡርስን ምሳ ጠራቻቸው። ጠረጴዛው ያኔ እንደነበረ ነው አለች። የወይንሐረግ ሾርባውን ቀዳች። ኢሞጅን ስለ አባቷ ብላ አንድ ማንኪያ ቀመሰች፤ ፊቷን አጨፈገገችና ጨው ዕቃውን አነሣች። ከሕፃንነቷ የሚያውቃት ኡርስ የእጅ አንጓዋን ያዘ።

«ተዪው።»

«ለምን?» አለች ማራኪ። «ንጹሕ ጨው ነው። የተመረዘውን እኔ ወስጃለሁ። ድስቱ ንጹሕ ስለነበር መርዙ የገባው ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጨው የሚጨመረው ዓርብ ብቻ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ መርዙን ጨው ዕቃው ውስጥ ጨምሮ ዙሪክ ሊሄድ ይችላል። እርስዎ ስንት ዓመት ዓርብ ምሳ እዚህ በልተዋል፤ ያን ዕለት ብቻ ባቡር አስቸኮለዎት። ሚስተር ሃድሊ የጻፉትን የሕይወት ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍም አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያውን ሶፍትዌር የጻፈው ሌላ ጓደኛችሁ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ ሁለታችሁ ስሙን ፋቃችሁት።»

«ሃድሊ ተናዝዞ ሊገላገል ነበር» አለ ኡርስ። «እኔ ከስሜ ሌላ ምን አለኝ?»

ፖሊሶች ሲወስዱት ማራኪ ፓስፖርቷን ለየወይንሐረግ መለሰችላት። የወይንሐረግ በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች።

«ልውጣ?»

«ይውጡ እንጂ፣ እትዬ።»

እግሯ ግን እንቢ አላት። ደጁን እያየች እንባዋን ለቀቀችው።