የፈሪዋ ዳጉ

«ሩጪ!» አሉ አያ ኑሀ።

ትርሲት አልሮጠችም። የጎሊና ወንዝ አሸዋ መሀል ቆማ ሽቅብ ሰማዩን አየች። ደመና የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አሸዋው ደረቅ ነው። ከምንድን ነው የሚሮጠው?

«ላስታ ላይ ዘንቧል! ሩጪ ነው የምልሽ፣ አንቺ ልጅ!»

ያኔ ሰማችው። ከወደ ምዕራብ ጉርምርምታው መጣ፤ መሬቱ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሮጠች። አሸዋው እየዋጠ ይጎትታታል። ሽማግሌው ከገደሉ አፋፍ ዱላቸውን ዘረጉላት። ጫፉን ጨብጣ፣ አፈሩን ቧጥጣ ስትወጣ ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያላጋ ከሥሯ አለፈ። የስንቅ ከረጢቷን ነጥቆ ወሰደው።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ» አሉ አያ ኑሀ ትከሻዋን ቸብ ቸብ እያደረጉ። «አልሀምዱሊላህ በይ። እንጀራ ይገኛል።»

እሷ ግን የዱላውን ጫፍ አልለቀቀችም።

እውነቱን እንነጋገር፤ ትርሲት ፈሪ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የቆቦ ልጅ ናት፤ ጦርነቱ ከተማዋን ካለፈ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር መግባት ይቃጣታል። ታዲያ ይቺ ሴት በነሐሴ ጎርፍ ከዞብል ተራራ ማዶ ምን ትሠራለች ቢሉ፣ ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ነው። በሁለት ዓመት ልፋት የስልክ ጨዋታ ሠርታለች። ተጫዋቹ የተኩላ ቡችላ ይሆንና አደን ይማራል፤ በፌንጣ ይጀምራል፣ ወደ አይጥ ያልፋል፣ ከተሳካለት ጥንቸል ይደርሳል። የመጀመሪያው ቀን ጓደኛዋ ሰለሞን ሞከረው። ቡችላው አይጧን እንዳየ ቀጥ ብሎ ገሰገሰ፣ ያዛት፣ አለቀ።

«ይሄ ተኩላ ነው ባጃጅ?» አላት ሰለሞን። ሁለተኛ አልነካውም።

ተኩላ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሽላ ወደ አፋር አውርደው ፍየል ሲያመጡ የኖሩትን ጎረቤቷን አያ ኑሀን ለምና የመጣችው። እሳቸው ጉድጓዱን ባያውቁም ተኩላዎቹ የሚጮኹበትን ሸለቆ ያውቃሉ።

«ቶሎ ካልደረስን ግን አናገኛቸውም» አሉ መንገድ ሲጀምሩ። «ሁመድ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ሦስት ግልገል ተበልተውበታል። ተኩላ ነው ብሎ ጉድጓዱን እያሰሰ ነው። ካገኘው እናትም ቡችላም አይተርፍ።»

ከጎርፉ አምልጠው ሸለቆው አፍ ላይ መሸባቸው። ከቋጥኝ ላይ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ አያ ኑሀ ለሱብሂ ሶላት ከኮረብታው ጀርባ ሄዱ። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብለዋት ነበር። ወዲያው ግን ከታች ከሣሩ ውስጥ ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። ትርሲት ስልኳን ከኪሷ አውጥታ፣ በደረቷ እየተሳበች ወረደች።

ሁለት ቡችሎች ናቸው። ጉድጓዳቸው ከግራር ሥር ነው፤ ደጃፉ ላይ የአይጥ አጥንት ተበትኗል። ትልቁ አንድ እግሩን አንሥቶ ቀጥ ብሏል። አይሮጥም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሣሩ በነፋስ ሲንሿሿ ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ከዚያ ተመለሰ። ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል። ድንገት ወደ ላይ ተነሥቶ በሁለት የፊት እግሩ አረፈ፤ ሳተ። በሦስተኛው ዝላይ አይጥ ያዘ። አይጧ ጢው ስትል ግን በርግጎ ጣላትና መልሶ አፈፍ አደረጋት።

ትርሲት እንባዋ መጣ። ይፈራል! የኔው ቡችላ እኮ ምንም አይፈራም! ሁሉንም ቀርጻዋለች።

ቡችሎቹ ወደ ጉድጓዳቸው ሲገቡ ደግሞ ሰው አይጠግብምና ተጨማሪ አማራት። ስልኳ ላይ ለጨዋታው ያዘጋጀችው የቡችላ ልቅሶ ድምፅ አለ። ከፈተችው። ትልቁ ቡችላ ብቅ አለ።

ጅቡም ብቅ አለ።

ከቁጥቋጦው ወጥቶ በሦስት እግሩ እያነከሰ መጣ፤ የግራ የኋላ እግሩን መሬት አያስነካም። ሽታው ቀድሞት ደረሰ። ልቅሶው የቡችላ ነው ብሎ ቁርሱን ፍለጋ የመጣ ነው። ቡችላው መሬት ላይ ተለጥፎ ደረቀ። ትርሲትም አጠገቡ ተለጠፈች። ስልኩ ግን ያለቅሳል! ልታጠፋው ብትል ጣቷ አልታዘዛትም። ጅቡ አሥር እርምጃ፣ አምስት እርምጃ ቀረው።

«እመ ብርሃን!» ብላ ስልኩን በሙሉ ኃይሏ ወረወረችው።

ጅቡ ተከትሎት ሄደ። ቀጭ፣ ቀጭ አደረገው። የሁለት ዓመት ልፋት፣ የንጋቱ ቪዲዮ፣ ሁሉም በአንድ መንጋጋ። አያ ኑሀ ዱላቸውን እያወዛወዙ፣ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያሉ ሲደርሱ ነው የሸሸው።

ትርሲት ትንፋሿ ሳይመለስ ከሸለቆው ማዶ አንድ ሰው ብቅ አለ፤ ጠመንጃ በትከሻው።

«ሁመድ ነው» አሉ አያ ኑሀ። «ዳጉ ይቀመጣል።»

ዳጉ የአፋሮች ወግ ነው። በረሃ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን አንድ ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ።

«በእመ ብርሃን፣ ጉድጓዱን እንዳይነግሩት!»

«መቼ አየሁትና? ያየሽው አንቺ።»

«እንግዲያው እዋሸዋለሁ።»

«በዳጉ?» አሉ ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋውጦ። «እዚህ አገር ወሬ ማለት ውሃ የት እንዳለ ነው፤ ጠላት የት እንዳለ ነው። በዳጉ የዋሸን ሰው ሁለተኛ የሚያምነው የለም። እኔ ነኝ ያመጣሁሽ፤ ከዋሸሽ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዝም ብትዪም ያው ነው።»

ሁመድ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። አያ ኑሀ ጎርፉን፣ የወንዙን ልክ፣ መንገድ ላይ ያዩትን የግመል ኮቴ ሁሉ ነገሩት። ከዚያ ሁመድ ወደ ትርሲት ዞረ።

«አንቺስ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አለ የገበያ አማርኛውን እየፈለገ።

ግራሩ ከጀርባዋ ነው። አላየሁም ማለት ይቻላል፤ አንዲት ቃል ናት። ቡችላው አሁንም እዚያ ተለጥፎ ሳይሆን አይቀርም። ጠመንጃውን አየች፤ የአያ ኑሀን ፊት አየች።

«ፈሪ ነኝ» ብላ ጀመረች። ጉድጓዱን ነገረችው። ደጃፉ ላይ የአይጥ አጥንት ብቻ እንዳለ፣ ቡችላው አይጥ ስትጮህበት እንደሚበረግግ ነገረችው። ሞኝነቷን፣ ልቅሶውን፣ ስልኩን ነገረችው። «ጅቡ የግራ የኋላ እግሩን መሬት አያስነካም ነበር» አለች መጨረሻ ላይ፤ ከፍርሃቷ የተነሣ ያንን እግር እስክትሞት አትረሳውም።

ሁመድ ቀና አለ። «ስንት እግር?»

«ሦስት።»

ከዚያ በአፋርኛ ለአያ ኑሀ ብዙ ተናገረ። ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ግልገሎቹ በተበሉበት በረት ደጃፍ ያለው ዱካ ሦስት ሦስት እግር ነበር ይላል። አራተኛውን ዝናብ ያጠፋው መስሎት ኖሯል።»

ሁመድ ተነሣ፤ ወደ ግራሩ አንዴ አየና ፊቱን ጅቡ ወደሸሸበት አዞረ። «የፈራ ሰው ዓይኑ ብዙ ነው» ብሏት ሄደ።

ቆቦ ከገባች በአሥረኛው ቀን፣ በትውስት ስልክ ላይ ጨዋታውን እንደ አዲስ ጀምራ ቡችላዋን ፍርሃትና ድንጋጤ ስታስተምር ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። አልጋው ሥር አልገባችም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። የሚጎተት ነጠላ ጫማ፤ የዱላ ኮቴ። ከፈተች።

«ዳጉ መጥቶልሻል» አሉ አያ ኑሀ ሳይቀመጡ። «ሁመድ ለፍየል ነጋዴ፣ ነጋዴው ለዋጃ ሰው፣ የዋጃው ሰው ለእኔ። ጅቡ ተገድሏል። ትልቁ ቡችላ ጥንቸል ሲያባርር ታይቷል፤ አልያዘም።»

«ሌላስ?»

«አንድ ጥያቄ አለ፤ እስከ ታች በረሃው ድረስ መልስ እየጠበቁ ነው» አሉ። «‹ያቺ ፈሪዋ ልጅ ቤቷ በሰላም ገባች ወይ?› ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?»