ሦስት ሱሪ ለቆቅ አደን

«እኔን ዋሽቶ ያለፈ ሰው ገና አልተወለደም» አለች መርማሪዋ፣ የመኪናውን በር በጉልበቷ ገፍታ ስትወርድ።

ሳጅኑ ተከትሏት ወረደ። ይህችን ንግግር በየሬሳው ላይ ሲሰማት ስለኖረ ጆሮው ደንዝዟል። ደግሞም ሳምንቱን ሙሉ ሁለቱም እንቅልፍ የሚባል ነገር በደንብ አላዩም። መርማሪዋ ስታዛጋ እሱም ያዛጋል፤ እሱ ሲያዛጋ እሷ ትቆጣለች።

ሟቹ ኮረብታው ወገብ ላይ፣ እሾሃም ቁጥቋጦ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ከኋላው፣ ከቅርብ፣ በወፍ ጥይት ነው የተመታው። የራሱ ጠመንጃ እጁ ሥር ነው። ጥይት ጎርሷል፣ መጠበቂያው ተከፍቷል፣ ግን አልተተኮሰበትም። የአንድ ጉልበቱ ቅርጽ አፈሩ ላይ ታትሟል። ሰውየው የአዳኝ ሱሪ የሚሰፋበት ቤት ባለቤት ስለነበር «አባ ሱሪ» ይሉት ነበር። አብረውት ያደኑት ሦስቱ ሰዎች ታች መንገዱ ላይ፣ መኪናው ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ሣሩም ድርቅ ብሏል።

መጀመሪያ የተናገረው ጎረምሳው ነው። ጎረምሳው ተባለ እንጂ የጥርሱ ግማሽ ከሄደ ቆይቷል። የአባ ሱሪ የድሮ የአደን ጓደኛ ነው። ሲተነፍስ ደረቱ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» አለችው መርማሪዋ።

«ሱሪ ልንመርጥ ነዋ፣ ልጄ! አባ ሱሪ ለመጪው የአደን ወቅት አንድ ዓይነት ብቻ ሊያሰፋ ነበር። እኔን ፊቱ ድርብ የሆነውን ጥጥ አለበሰኝ፣ አማቹን ናይሎኑን፣ ወንድሙን ሰም የተቀባውን ሸራ። እሱ አሮጌውን ለብሶ ሊዳኘን ነበር።»

«እና የትኛው አሸነፈ?»

«የኔ ነዋ! ጉልበቱ ሰፊ ነው፣ ቁጭ ብድግ ስትዪ አይይዝሽም፤ እሾህም አይበሳውም። ጤዛውን ግን አልቻለውም። ጠዋት እስከ ጭኔ አበሰበሰኝ።» ወደ ሱሪው ጫፍ አመለከታት። ጫማው ላይ ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ ጭጎጎት አልብሶታል። «ደግሞ ሱሪ ከጫማ ውጭ ነው የሚሆነው። ጫማ ውስጥ ከከተትሽው ውኃው ቁልቁል ይወርድና ጫማሽን ባልዲ ያደርገዋል። ይህን የማያውቅ አዳኝ አይደለም።»

«የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል?»

«ማለዳ ላይ እዚህም እዚያም። አደን ነው እኮ! እኩለ ቀን ላይ ተሰብስበን እሱ ሲቀር ነው ሦስታችንም ፍለጋ የወጣነው።»

ቀጥሎ ወንድምየው ቀረበ። የስፌት ቤቱ ጨርቅ ቆራጭ ነው፤ ትከሻው ጎብጧል፣ ጣቶቹ በመቀስ ደድረዋል። አልቅሶ ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔ አደን አላውቅም። ወገቤን አሞኝ እዚሁ የመንገዱ ጠጠር ላይ ነው ያረፈድኩት» አለ። «ይኸው ሱሪዬን እዩት። ጠብታ የለበትም። አንድ ጭጎጎት እንኳ አልያዘውም።»

አየችው። ንጹሕ ነው። ወንድሙን ያጣ ሰው ይዋሻል ብላ አላሰበችም፤ አመነችው።

ከዚያ አማቹ መጣ። ናይሎን ሱሪው ከጉልበቱ በታች ተቀዷል፣ ደምም ነክቶታል።

«ትናንት ከአማትህ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ናይሎኑ ቀላል ነው፣ ሰው አይደክምበትም አልኩት። ‹እንግዲያው ለብሰህ ታየዋለህ› አለኝ። ይህ ጠብ ነው?»

«ተኩሰሃል?»

«አንዴ። ቆቋን ሳትኳት።»

መርማሪዋ ለሳጅኑ በዓይኗ ጠቀሰችው። ሳጅኑ ካቴናውን እያወጣ «አለቃ፣ አልቸኮልንም?» አላት።

«ጠብ፣ ደም፣ የተተኮሰበት ጠመንጃ። ምን ቀረህ? በል እሰረው፣ ሄደን እንተኛ።»

እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን አማቹን ያሰረው እንቅልፏ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የአባ ሱሪ ልጅ ጣቢያው ውስጥ ቆማ ጠበቀቻት። ሆዷ ገፍቷል፤ ወንበር ሲሰጧት አልቀመጥም አለች።

«አባቴን ትናንት አጣሁ» አለች። «ዛሬ ማታ ደግሞ ባሌን ወደ ትልቁ እስር ቤት ሊወስዱት ነው አሉኝ። እዚያ የገባ ሰው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ልጁ ድክ ድክ ይላል። እባክዎ፣ አንዴ ደግመው ይዩት።»

«ሱሪው ላይ ያለው ደም…»

«እግሩን አይታችሁታል?»

መርማሪዋ ሳጅኑን አየችው። ሳጅኑ ጣሪያውን አየ። እግሩን ያየ የለም።

ገብተው አዩት። ቅልጥሙ በእሾህ ተቧጥሮ እንደ ካርታ ሆኗል። ደሙ የራሱ ነው።

መርማሪዋ ሱሪውን ይዛ ወደ ኋላ ክፍል ገባች። በእጇ ስትነካው ተንኮሻኮሸ። ጥቂት አሰበችና በራሷ ልብስ ላይ አጠለቀችው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደሚጽፈው ሳጅን በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ሄደች። ክፍሉን እንኳ ሳታጋምስ፣

«አለቃ፣ ምን ሆኑ?» አለ ሳይዞር። «ፌስታል ውስጥ ገቡ እንዴ?»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤት ሄደች። ወንድምየው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ነው፤ የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ጸጥ ብለዋል። የሸራው ሱሪ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከካውያው አጠገብ ከባድ የቆዳ ጫማዎች አሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅጥቋል።

«የሸራው ሱሪ ይመቻል?» አለችው ከሚስማሩ እያወረደች።

«ሲለመድ ነው። መጀመሪያ ይገትራል፣ ኋላ ገላን ያውቃል፣ ድምፅም የለውም። እሾህ አይገባውም፣ ውኃ ጠብ አይልበትም» አለ። ስለ ጨርቅ ሲያወራ ፊቱ ትንሽ በራ። እሷ ሱሪውን መሐል ላይ ልታጥፈው ስትል ግን ደንግጦ እጇን ያዛት። «እባክዎ አያጥፉት! ሰም ነው። አንዴ የታጠፈበት ቦታ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ካውያ ካልነካው አይጠፋም።»

መርማሪዋ ወደ ታች አየች። ሁለቱም እግሮች ላይ፣ ከጫፉ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን የተጨማደደ ነጭ መስመር አለ። ሱሪውን መለሰችና በመንገዷ እጇን ጫማው ውስጥ ከተተች። ጨርቁ እርጥብ ነው። እጇን ጠረግ አድርጋ ወጣች።

ፀሐይ ሳትገባ ሁሉንም እዚያው ስፌት ቤት ሰበሰበቻቸው። አማቹ በካቴና መጣ። ሚስቱ አጠገቡ ቆመች። ጎረምሳው ከሁሉ ቀድሞ ወንበር ያዘ።

«አባ ሱሪ ሲሞት አንድ ጉልበቱን አንበርክኮ ነበር» ብላ ጀመረች። «ጠመንጃው ለመተኮስ ተዘጋጅቷል። ቆቅ ፊቱ ነበረች ማለት ነው። ቆቅ ደግሞ ኮሽታ ስትሰማ አትቆይም።»

«ብን ነው የምትለው!» አለ ጎረምሳው።

«ስለዚህ ገዳዩ ድምፅ ሳያሰማ ነው የቀረበው። ናይሎን የለበሰ ሰው ይህን አይችልም። እኔ ለብሼ ሞክሬዋለሁ።»

«ምስክር ነኝ» አለ ሳጅኑ።

«እኔስ?» አለ ጎረምሳው። «የኔ ሱሪ ድምፅ የለውም።»

«የእርስዎ ሳንባ ከናይሎኑ ይብሳል።»

ጎረምሳው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ደረቱ ቀድሞት ሲጥ አለ። ተወው።

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ ጠጠሩ ላይ ነበርኩ አሉ። ማስረጃዎ የሱሪዎ መድረቅ ነው። ግን ሰም የተቀባ ሸራ ጤዛ ውስጥ ቢውልም አይርስም፤ ጭጎጎትም አይይዘውም። ለዚህ ነው ሱሪው ምንም የማይነግረን። የነገረኝ ጫማው ነው። ለምን ረጠበ?»

«ወንድሜን ፍለጋ ሣሩ ውስጥ ገብቼ…»

«ያኔ እኩለ ቀን ነው። ሣሩ ደርቆ ነበር፤ እኔም ረግጬዋለሁ። ጤዛ የነበረው ማለዳ ነው። የሱሪዎ ጫፍ ደግሞ ዙሪያውን ነጭ መስመር አለው። ጫማ ውስጥ ከተውት ስለነበር ነው። ውኃው በሸራው ላይ ወርዶ በሙሉ ጫማዎ ውስጥ ገባ። አዳኝ ይህን አያደርግም። እርስዎ ግን አዳኝ አይደሉም፤ ልብስ ሰፊ ነዎት። የገዛ እጅዎ ሥራ ጫፉ መሬት ላይ ተጎትቶ እንዳይበላሽ ሳሱለት።»

ወንድምየው ሱሪውን ከሚስማሩ አወረደና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ነጩን መስመር በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«ትርፉ ጠመንጃ መኪናው ውስጥ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሠላሳ ዓመት ቆረጥኩለት። አንድ ቀን ‹አንተስ የቱን ትመርጣለህ?› ብሎኝ አያውቅም። በዋዜማው ‹ስፌት ቤቱን ለአማቼ እሰጣለሁ፣ አንተ መቁረጥህን ቀጥል› አለኝ።» ቀና ብሎ የወንድሙን ልጅ አያት። «ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ። በጣም ደክሞኝ ነበር።»

«ጋሼ» አለች ልጅቷ። ፊቷን አዞረች። ባሏ በታሰረ እጁ ትከሻዋን ሊይዛት ሞክሮ አቃተው።

ሳጅኑ ወንድምየውን ይዞ ወጣ። መርማሪዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ ኮሌታዋን አስተካከለች፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ አለች።

«አየሽ እህቴ፣ ባልሽን ነፃ አወጣሁልሽ።»

«ያሰረውስ ማን ሆነና ነው?» አለች ልጅቷ። «በይ ካቴናውን ፍቺለት።»