ካባው ማንንም አይጥልም

ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ጀርባ ባለው ጠባብ ደረጃ ግርጌ ሞቶ ተገኘ። የለበሰው ባለካባው የሚባለውን የፊልም ጀግና ካባ ነበር። ካባውን የሰፋችው ልጅ ተጠርታ ስትደርስ ደግሞ፣ በሲኒማ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ካባው ረዘመ፣ ሰውየው ረገጠው፣ ተጠለፈ፣ ወደቀ። በቃ።

ሰፊዋ ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ባለች ክፍል በአንድ መኪና እየሰፋች እናቷን የምታስተዳድር ናት። ስፌቷ ሰው ገደለ ከተባለ ነገ ማን ጨርቅ ይዞላት ይመጣል? እሱስ ይቅር፣ ብትታሰር እናቷን ማን ያያታል? ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። አፏ ግን አልተሳሰረም።

«የእኔ ካባ ማንንም አይጥልም» አለች፣ ገና ማንም ሳይጠይቃት።

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር፤ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። ቀና ብላ አየቻት። «ነይ እስቲ። እኔ እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን አስረጂኝ። ይሄ ካባ እስከ የት ይደርሳል?»

«እስከ ተረከዝ።»

«እንግዲያው ደረጃ ላይ ይረገጣላ።»

«አይረገጥም። ባለካባው ደረጃ ሲወርድ ጠርዙን ሰብስቦ በብብቱ ሥር ይሸጉጠዋል። ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ እንደዚያ ነው። ሊቀመንበራችን የገዛ ስሙን ይረሳል እንጂ እሱን አይረሳም።»

መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ጠርዙ በሟቹ ብብት ሥር ጥንቅቅ ተደርጎ ተሸጉጧል። ጨርቁ ላይ የጫማ ምልክት ቀርቶ አቧራ እንኳ የለም።

ሰፊዋ ሬሳውን ደፍራ ያየችው ያኔ ነው። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። «ጋንቾው» አለች፣ ካባውን ትከሻ ላይ የሚይዘውን ብረት እያሳየች። «በቀኝ ነው የተያዘው። በግራ መሆን ነበረበት። ዛሬ ጠዋት ራሱ መጥቶ በግራ በኩል ሌላ ጋንቾ አስተክሎኛል፤ ይኸው።»

እውነትም በግራው በኩል አዲስ ጋንቾ ነበር፤ ክሩ ገና ያብረቀርቃል።

«ለምን በግራ?»

«በድሮዎቹ ሁሉ በቀኝ ነው፤ በአዲሱ ፊልም በግራ ስለሆነ ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለካባውን የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ ሟቹ ሊቀመንበራቸው ነበር። ዘንድሮ የባለካባውን ወጣትነት የሚተርክ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የሆነውን የሚያሳይ ፊልም ወጣ። በዚህ ፊልም ላይ ጀግናው ቤት ሲቃጠል ፈርቶ ይሮጣል፤ ታናሽ ወንድሙን እሳት ውስጥ ትቶ። ማኅበሩ ይህን ሲሰማ አበደ። የእኛ ጀግና አይሮጥም ብለው ማንም አባል እንዳያየው አወጁ። ሰፊዋ ግን አባል ሆና ሳለ ሌላ ሲኒማ ቤት ሄዳ አየችው፤ ደግማም አየችው፤ ወደደችውም። ለዚህ ነው ትናንት በስብሰባ መካከል ከሊቀመንበሩ ጋር የተናነቁት። ዛሬ ደግሞ ፊልሙ በዚህ ሲኒማ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመታየቱ በፊት ሊቀመንበሩ ካባውን ለብሶ መድረክ ላይ ሊወጣና በሕዝብ ፊት ሊያወግዘው ነበር። እንዲያ ነበር ሁሉም የሚያውቀው።

«እና ሊያወግዘው የወጣ ሰው የፊልሙን አለባበስ ምን ያደርግለታል?» አለች መርማሪዋ።

«አይቶት ነዋ። ተሳስቻለሁ አለኝ። ቀኝ ትከሻው ወንድሙን ሊያወጣ ተመልሶ ሲገባ ነው የሚቃጠለው፤ ከዚያ በኋላ ነው ጠባሳውን ሊሸፍን ጋንቾውን ወደ ቀኝ የሚያዞረው። ሊቀመንበራችን ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆራረጠ። መድረክ ላይ እስክወጣ ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ።»

«ትናንት ተናንቃችሁ፣ ዛሬ ታረቅን ብትይ ማን ያምንሻል?»

«አይመኑኝ። እኔ ግን ያልሆነ ነገር አልናገርም።»

መርማሪዋ ሳቋ መጣ። ተከተይኝ ብላት ወደ ሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ተቀበላቸው።

«ሊቀመንበሩ ፊልሙን ቢያወግዝ እርስዎ ይጎዱ ነበር» አለችው መርማሪዋ ቁጭ ሳትል።

«እጎዳ ነበር። ግን አያወግዝም ነበር።» ሰፊዋን ሰረቅ አድርጎ አያት። «ትናንት ማታ ፊልሙን ለቁጥጥር ብቻዬን ሳየው፣ ካላስገባኸኝ ብሎ ለመነኝ። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ለማንም አትንገር ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሰች። መርማሪዋ ግን ደስታዋን አልተጋራቻትም፤ ወደ እንግዳ መቀበያው አመራች።

እዚያ፣ ለፊልሙ ማስታወቂያ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንጋፋው ተቀምጧል። ማኅበሩን ከሊቀመንበሩ ጋር የመሠረተ ሰው ነው፤ ሰፊዋም እንደ ታላቅ ወንድም ጋሼ ነው የምትለው። ከኋላው ያለው ማስታወቂያ የጀግናውን ፊት እንጂ ትከሻውን አያሳይም።

«ፊልሙን አይተውታል?»

«አላየሁም፤ አላይምም። ባለካባው አይሮጥም።»

«ዛሬ የት ነበሩ?»

«በር ላይ። ሰዉን እንዳይገባ ስለምን። ከመድረኩ ጀርባ ዝር አላልኩም።» ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። «ልጅቷ ላይ አትጨክኑ። ሳታውቅ ነው ያረዘመችው።»

ሰፊዋ ደሟ ፈላ። «አላረዘምኩም፣ ጋሼ። የማይገባኝን ይቅርታ አልቀበልም።»

ትንሽ ቆይቶ መርማሪዋ ሦስቱንም መድረክ ላይ ሰበሰበቻቸው። ካባው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

«ሥራ አስኪያጅ፣ እስቲ ያልብሱኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ አነሳው፣ አገላበጠው፣ ጋንቾው ጠፋበት። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካይ ለደንበኛው ፎጣ እንደሚያደርገው አንገቷ ላይ ጣል አደረገው። ሰፊዋ እንኳ በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቀች።

«ይበቃል። እርስዎ አይደሉም» አለች መርማሪዋ። «አሁን ስሙኝ። ካባው በብብት ሥር ከተሸጎጠ አይረገጥም። የተረገጠ እንደሆነ ደግሞ ተመልሶ አይሸጎጥም፤ የሞተ ሰው ልብሱን አያስተካክልም። ስለዚህ ካባው ማንንም አልጣለም። ለብሶት ተንከባሎ ቢሆን ደግሞ ሽጎጣው ይፈታ፣ ጨርቁም አቧራ ይነካው ነበር፤ ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው ሰው ያለበሰው።»

መርማሪዋ ካባውን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ማን አለበሰው? ሊቀመንበሩ በግራ ሊይዘው ጋንቾ አስተክሏል። ይህን የምታውቀው ሰፊዋ ናት። እሷ ብትሆን በግራ ታደርገው ነበር፤ ደግሞስ የትኛዋ ሰፊ ናት ወንጀሏን ደብቃ ስፌቷን የምታስከስስ? ሥራ አስኪያጁ ማልበሱንም አያውቅበት። ያለበሰው ሰው ሽጎጣውን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል፤ ባለካባው በግራ ለብሶ እንደነበር ግን አያውቅም። የድሮዎቹን ፊልሞች በቃሉ የያዘ፣ አዲሱን ደግሞ አላይም ብሎ የማለ ሰው ነው።»

አንጋፋው መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ተጠልፎ የወደቀ ለማስመሰል ጨርቁን እግሩ ላይ ጠምጥመው ቢሄዱ ይበቃ ነበር። ለምን ሸጎጡለት?»

«ተዝረክርኮ ልተወው?» አለ አንጋፋው። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ባለካባው እኮ ነው። እጄ ራሱ ነው የሠራው።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ካባውን ይዞ ሊወርድ ሲል፣ ተሳስተናል ልላቸው ነው አለኝ። ዕድሜያችንን የሰጠነውን ፈሪ ነበር ሊል። ያዝኩት፤ ልቀቀኝ አለ፤ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«እኔን ግን ልታሳስረኝ ነበር፣ ጋሼ» አለች ሰፊዋ።

«አንቺማ ወጣት ነሽ። ያልፍልሻል ብዬ ነው።»

«እናቴስ?»

አንጋፋው በሩ ላይ ለቆሙት ፖሊሶች እጁን ዘረጋ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲያልፉ መንገድ ለቀቀችላቸው፤ ዓይኗን ግን ከእሱ ላይ አላነሳችም። አዝናለታለች፤ ይቅር ግን አላለችውም።

ውጭ ተይዞ የቆየው ተመልካች በሩን ይደበድባል። ሥራ አስኪያጁ፣ ሰዉን ወደየቤቱ ልበትነው ነው አለ።

«አይበተንም» አለች ሰፊዋ። «መጀመሪያ የምነግራቸው አለኝ። ያስገቧቸው።»

ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ ፊተኛው ረድፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

አዳራሹ ሞላ። የማኅበሩ ልጆች ሰፊዋን መድረክ ላይ ሲያዩ ያፏጩና «ውረጂ» ይሉ ጀመር። የስፌት ሽርጧን እንዳደረገች ፊታቸው ቆመች።

«ሊቀመንበራችን ሞቷል» አለች። «የሞተው ካባ ጠልፎት አይደለም። ይሄን ፊልም አይቶ ስለወደደውና እዚህ ቆሞ ተሳስተናል ሊላችሁ ስለነበረ ነው የሞተው። እሱ አልደረሰምና እኔ እላችኋለሁ። ተሳስታችኋል። ባለካባው ፈርቶ ሮጧል። ከዚያ ተመልሷል። እኔም ዛሬ ስትጠሩኝ መሮጥ አምሮኝ ነበር።»

ፉጨቱ ከኋላ በኩል አልቆመም። ሌላው ጸጥ አለ።

«የምታፏጩ አፏጩ፤ ስትጨርሱ ተቀመጡ» አለች። «እናንተ ሳትቀመጡ እኔ አልወርድም።»

እጆቿን አጣምራ ጠበቀቻቸው፤ አንድ በአንድም ተቀመጡ።